ምዕራፍ ስድስት፦ በፈረቃ የምትመጣ ፀሐይ

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች ኪሎዋትንና ኪሎዋት ሰዓትን ለይተን አይተናል። ኪሎዋት በዚህች ቅጽበት በሽቦው ውስጥ ምን ያህል ኃይል እየሄደ እንደሆነ ይነግረናል። ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ የሄደው ሁሉ ሲደመር ነው፤ ቆጣሪው የሚቆጥረውም፣ ሂሳብ የምንከፍለውም በእርሱ ነው። አሁን ሦስተኛ ነገር እንጨምራለን፤ የቀኑን ሰዓት። ኃይሉ መቼ ተመረተ? መቼስ ተፈለገ? ስለ ፀሐይ ኃይልና ስለ ቁጠባ የሚነገረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ይህን ለማየት ወደ ተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ ወደ አቡ ዳቢና ወደ አል አይን እንሄዳለን። ብዙ ወገኖቻችን ለሥራ ሄደው የሚኖሩባቸው ከተሞች ስለሆኑ ስማቸው ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። አቡ ዳቢ በባሕረ ሰላጤው ዳር ያለች ዋና ከተማ ናት። አል አይን ደግሞ ከእርሷ ወደ ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በጀበል ሐፊት ተራራ ሥር፣ ከኦማን ድንበር ጋር የምትዋሰን የቴምር ከተማ ናት። ነዳጅና ጋዝ የሞላው አገር በዓለም ካሉት ግዙፍ የፀሐይ ኃይል ጣቢያዎች ጥቂቶቹን መሥራቱ ብዙ ሰው ያስገርማል። እኔን የሚስበኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ነው፤ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ምን ይደረጋል? (ዓመቶቹን እ.ኤ.አ.፣ የቀኑን ሰዓት ግን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሚጨነቅበትን ነገር ግማሹን ያውቀዋል። ውሃው ሐሙስ ሌሊት ይመጣል እንበል። የሳምንቱ ውሃ በአንድ ሌሊት ይንዶለዶላል፤ ዓርብ ረፋድ ላይ ቧንቧው ይደርቃል። ሲደመር የመጣው ውሃ ለቤተሰቡ ይበቃው ይሆናል፤ ማክሰኞ ጠዋት ፊት ለመታጠብ ግን አይገኝም። ስለዚህ ቤቱ ሦስት ነገር ያደርጋል። ልብሱን በፈረቃው ሌሊት ያጥባል። ሮቶ አስቀምጦ ይሞላል። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ያሠራል፤ ሮቶ ውድ ነውና፣ የሚያፈስ ቤት ደግሞ ሁለት ሮቶ ይፈልጋል።

ሦስቱ መንገዶች ይለያያሉ። የመጀመሪያው ሥራውን ውሃው ወደሚመጣበት ሰዓት ይወስደዋል። ሁለተኛው ውሃውን ሥራው ወደሚሠራበት ሰዓት ያመጣዋል። ሦስተኛው ፍላጎቱን ያሳንሰዋል። የዚህ ምዕራፍ ቁም ነገር በእነዚህ ሦስቱ ውስጥ አለ፤ ከእንግዲህ የምናያቸው ሰሌዳዎች፣ ባትሪዎች፣ የውሃ ማጣሪያዎችና ታሪፎች ሁሉ ከሦስቱ በአንዱ ሥር ይወድቃሉ።

ኤሌክትሪክ ከውሃ ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነው በአንድ ነገር ነው፤ ሽቦው ውስጥ ምንም አይጠራቀምም። በየሰከንዱ የሚመረተውና የሚበላው እኩል መሆን አለበት። ከተማው ከሚመረተው በላይ ሲስብ በመስመሩ ላይ ያሉት ጄኔሬተሮች ሁሉ አብረው ፍጥነታቸው ይወርዳል፤ ሲያንስ ደግሞ ይጨምራል። መዛባቱ ከልክ ካለፈ መሣሪያዎቹ ራሳቸውን ለማዳን ይቆርጣሉ፤ መብራት ይጠፋል። በጋዝ የሚሠራ ጣቢያ ለዚህ ይመቻል፤ ያልተቃጠለው ጋዝ ራሱ እንደ ሮቶ ነው፤ ሲፈለግ ይከፈታል፣ ሲበቃ ይዘጋል። አቡ ዳቢ ለአሥርተ ዓመታት የኖረችው እንዲህ ነው። ፀሐይ ግን የምትመጣው በራሷ ፈረቃ ነው።

ቅዝቃዜ የሚገዛ ከተማ

የፀሐይዋን ፈረቃ ከማየታችን በፊት የከተማውን ፍላጎት እንይ። እኛ በሐምሌና በነሐሴ ጃንጥላ ይዘን በምንወጣበት ወቅት፣ በአቡ ዳቢና በአል አይን ቴርሞሜትሩ በቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ 45 ማለፉም የተለመደ ነው። በእነዚያ ወራት ከሚበላው ኤሌክትሪክ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ኤሲ ነው። የአገሩ መብራት አቅራቢ በወረቀት ላይ የሚሸጠው ኪሎዋት ሰዓት ቢሆንም፣ ደንበኛው በተግባር የሚገዛው ቅዝቃዜ ነው።

ኤሲ ደግሞ ቅዝቃዜ አይሠራም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ ይጥላል። ሙቀትን መሸከም ሙቀትን ከመሥራት ይረክሳል፤ ስለዚህ ደኅና ኤሲ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በልቶ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት ያወጣል። ይህ ጥሩ ዜና ነው። መጥፎው ዜና ውጭው በጋለ ቁጥር ሸክሙ መክበዱ ነው። ቤቱ ውስጥ 20 ዲግሪ፣ ደጁ 46 ከሆነ መሣሪያው ሙቀቱን በ26 ዲግሪ ልዩነት ላይ ማውጣት አለበት፤ በዚያ ላይ በግድግዳው፣ በመስታወቱና በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ሙቀት ይበዛል። ኤሲውን ከ20 ወደ 24 ማድረግ ይህን ዳገት በአራት ዲግሪ ያሳጥረዋል። መብራት አቅራቢው ደንበኞቹን 24 ላይ አድርጉት እያለ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ከተሞች እዚህ ላይ ይለያያሉ። አቡ ዳቢ ባሕር ዳር ስለሆነች አየሩ በእርጥበት የተሞላ ነው፤ ኤሲው ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን እርጥበቱንም ከአየሩ ጨምቆ ማውጣት ይኖርበታል፤ ከቱቦው የሚንጠባጠበው ውሃ ይኸው ነው። እርጥበት ያለው አየር ሌሊትም ሙቀቱን ስለማይለቅ መሣሪያው እስኪነጋ አያርፍም። አል አይን መሀል አገር ናት፤ ቀኗ ከአቡ ዳቢ ቢብስም አየሩ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱም ሻል ይላል።

የፍላጎቱ መልክ እንግዲህ እንዲህ ነው። በሙቀቱ ወራት ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ፀሐይዋ አይጠልቅም፤ ሌሊቱንም ከፍ እንዳለ ያድራል። ቀኑን የጋለው የሕንፃ ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይተፋልና። በጥር ደግሞ ኤሲው ሲዘጋ የአገሩ ፍላጎት ከነሐሴው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ለነሐሴ ቀትር የተሠራው ጣቢያና መስመር ብዙውን ዓመት ያለ ሥራ ይቆማል ማለት ነው።

ከመስታወት ወደ ሰሌዳ

አቡ ዳቢ ፀሐይን በትልቁ መያዝ የጀመረችው በመስታወት ነው። በመጋቢት 2013 ከከተማው ወደ ምዕራብ በመዲናት ዛይድ አካባቢ ሻምስ 1 የተባለ 100 ሜጋዋት ጣቢያ ተመረቀ። እንደ ገንዳ የጎበጡ ከ258,000 የሚበልጡ መስታወቶች የፀሐዩን ብርሃን መሀላቸው ባለፈ ቱቦ ላይ ያሳርፋሉ፤ በቱቦው የሚዞረው ዘይት ይግላል፤ ዘይቱ ውሃውን ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይኑን ይዘውራል። ሥራው የሚያምር ቢሆንም ውድ ነበር። በዚያው ዘመን ብርሃንን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሰሌዳ ዋጋው እየወረደ ሄዶ መስታወቱን ጥሎት አለፈ።

ዋጋው የወረደበት መጠን በቁጥር ሲታይ ይገርማል። በአል አይንና በአቡ ዳቢ መካከል ባለው በስዌይሃን በረሃ፣ በ8 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰሌዳዎች ያሉት ኑር አቡ ዳቢ በ2019 ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ 1,177 ሜጋዋት ነው። በጨረታው የቀረበው ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2.42 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በጊዜው በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ። በኅዳር 2023 የተመረቀው አል ዳፍራ ደግሞ ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰሌዳዎች ይዞ 2 ጊጋዋት ላይ ደረሰ፤ ጊጋዋት ሺህ ሜጋዋት ነው። ዋጋውም ወደ 1.32 ሳንቲም ወረደ። ሰሌዳዎቹ ሁለት ፊት አላቸው፤ በላይኛው ፊታቸው ሰማዩን፣ በታችኛው ፊታቸው ከአሸዋው ነጥሮ የሚመጣውን ብርሃን ይቀበላሉ።

በረሃ ለፀሐይ ኃይል ገነት ይመስላል፤ ግን ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ራሱ ሙቀቱ ነው። ሰሌዳ የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው ከአቅሙ ከመቶ አንድ ሦስተኛ ገደማ ያጣል፤ በነሐሴ ቀትር የሰሌዳው ገጽ ከ60 ዲግሪ ያልፋል። ደጋማው አየራችን በዚህ በኩል ለሰሌዳ ከዚያ በረሃ ይሻላል ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። ስዌይሃን ላይ ሰሌዳውን በውሃ ማጠብ ከባሕር ተጣርቶ የመጣ ውድ ውሃ አሸዋ ላይ ማፍሰስ ነውና፣ ከሺህ የሚበልጡ ሮቦቶች በሰሌዳዎቹ ረድፍ ላይ እየተንሸራተቱ ያለ ውሃ በብሩሽ ይጠርጋሉ።

ኑር ሲመረቅ ለ90,000 ሰዎች ፍላጎት ይበቃል ተብሏል። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው አንብቦ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ቆም ብለን እንድናስብበት እፈልጋለሁ። 1,177 ሜጋዋት ለእኛ አገር ግዙፍ ጣቢያ ነው። በኢትዮጵያ የአንድ ሰው የዓመት ድርሻ ጥቂት መቶ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ በማይሞላበት ጊዜ፣ ያን የሚያህል ኃይል በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያዳርሳል። እዚያ ግን 90,000 ሰው ይበላዋል፤ ቅዝቃዜው፣ ከባሕር የሚጣራው ውሃ፣ ቢሮውና የገበያ አዳራሹ ሁሉ በሰው ራስ ሲካፈል ማለት ነው። ጣቢያው ምን ያህል ሰው ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ መልሱ ከሰሌዳው ቁጥር ያላነሰ በቤቱ አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው።

ባሕሩን የሚያፈላው ጣቢያ

አሁን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ክፍል ላይ ደረስን። ስለ አቡ ዳቢ የፀሐይ ኃይል ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ውሃዋ ግን ያን ያህል አይነገርም። ሁለቱን ለይቶ ማየት ግን አይቻልም።

አቡ ዳቢ ወንዝ የላትም። የሚጠጣው ውሃ ከባሕር ተጣርቶ ይመጣል። አል አይን ከባሕር የራቀች ሆና ሳለ የቧንቧዋ ውሃ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ካለችው ከፉጃይራ፣ በረጅም የቱቦ መስመር ተራራ አቋርጦ ይደርሳታል። የቆየው የማጣሪያ ዘዴ ማፍላት ነው። የጋዝ ጣቢያው ተርባይኑን ካዞረ በኋላ የሚተርፈው እንፋሎት የባሕሩን ውሃ ያተነዋል፤ ተኑ ሲቀዘቅዝ ጨው የሌለበት ውሃ ይሆናል። ሊጣል በነበረ ሙቀት ውሃ መሥራት ብልህነት ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም ጠቀመ።

ችግሩ ሁለቱ መተሳሰራቸው ነው። በጥር ሌሊት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ብዙም የለም፤ ውሃ ግን በጥርም በነሐሴም ይጠጣል። ውሃ ለማግኘት ጣቢያው መሥራት አለበት፤ ጣቢያው ከሠራ ደግሞ ፈላጊ የሌለው ኤሌክትሪክ ይወጣል። በዚህ ላይ የጥር ቀትር ፀሐይ ሲጨመርበት፣ እንዲሁም ቀንና ሌሊት ሳይቀያየር የሚሠራው የባራካ የኑክሌር ጣቢያ ሲታከልበት አስቡት። አራቱ የባራካ ማሽኖች ከ2021 እስከ 2024 ተራ በተራ ሥራ ጀምረው በአንድነት ወደ 5,600 ሜጋዋት ያመነጫሉ፤ ይህም ከአገሩ ፍላጎት ሩብ ያህሉ ነው። ፀሐይና ኑክሌር ሞልቶ እያለ ለውሃ ሲባል ጋዝ ይቃጠላል።

መውጫው ውሃውን ከእሳቱ መፍታት ነበር። አዲሱ ዘዴ የባሕሩን ውሃ በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ወንፊት ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ውሃው ያልፋል፣ ጨው ይቀራል። እሳት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ግፊቱን የሚፈጥሩትን ፓምፖች የሚያሠራ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሜትር ኩብ ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ሰዓት። በታዊላ የተሠራው የዚህ ዓይነት ማጣሪያ በቀን ከ900,000 ሜትር ኩብ በላይ ያወጣል፤ በዓለም ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ፈረቃው ቤት ተመልሰን እንይ። ፓምፑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ከሆነ ፀሐይ ሞልታ በፈሰሰችበት ቀትር አብዝቶ ሊሠራ፣ ማታ ቀዝቀዝ ሊል ይችላል። ውሃው ደግሞ ከኤሌክትሪኩ በተቃራኒ ይቀመጣል። የቀትሩን ፀሐይ ውሃ አድርጎ ማጠራቀም ይቻላል ማለት ነው። ልብሱን በፈረቃው ሌሊት የሚያጥበው ቤትና ሮቶ የሚሞላው ቤት እዚህ አንድ ሆኑ። በሊዋ በረሃ ሥር በ2018 የተመረቀው የመጠባበቂያ ውሃ ማከማቻ 26 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የተጣራ ውሃ በአሸዋው ውስጥ ይዟል፤ ለአንድ ሚሊዮን ሰው ለ90 ቀን እንዲበቃ ታስቦ። የተሠራው ለክፉ ቀን ቢሆንም፣ በረሃ ምን ያህል ሊያጠራቅም እንደሚችል ያሳያል።

ቅዝቃዜም እንደ ውሃ ይጠራቀማል። መቀመጫውን በዚያው አገር ያደረገውና በ1998 የተመሠረተው ታብሪድ፣ ለየሕንፃው የተለየ ኤሲ በመስቀል ፋንታ ውሃን በአንድ ማዕከል አቀዝቅዞ በቱቦ ለሰፈሩ ያድላል። ታላቁ የሼኽ ዛይድ መስጊድ የሚቀዘቅዘው እንዲህ ነው። ትልልቅ ማሽኖች ከትንንሾቹ ያነሰ ይበላሉ። ከዚያም በላይ ቀዝቃዛውን ውሃ ጭነት በሌለበት ሰዓት ሠርቶ በገንዳ ማቆየት፣ በጭነቱ ሰዓት ማከፋፈል ይቻላል። ኤሌክትሪኩን ራሱን ከማስቀመጥ ይልቅ ኤሌክትሪኩ የሠራውን ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ከዚህ ምዕራፍ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ ከተባልኩ ይህን እመርጣለሁ።

አል አይን ለዚህ ዓይነት ሐሳብ እንግዳ አይደለችም። ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የከርሰ ምድር ውሃን በተቆፈረ ቦይ ወደ ቴምር እርሻ የሚያመጡበት ፈለጅ የሚሉት አሠራር ነበራቸው። ውሃው ለባለ እርሻዎቹ የሚደርሰው በየተራ፣ በሰዓት ተለክቶ ነው። ዩኔስኮ በ2011 የአል አይንን ቅርሶች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ፈለጅንም አብሮ መዝግቧል።

አምስት ለአንድ

ውሃና ቅዝቃዜ ሊወስዱት የማይችሉት ብዙ ፍላጎት ይቀራል፤ የሆስፒታሉ መብራት፣ ማቀዝቀዣው፣ የሌሊቱ ኤሲ። ለዚህ ራሱን ኤሌክትሪኩን የሚይዝ ሮቶ ያስፈልጋል፤ ባትሪ።

አቡ ዳቢ በ2019 በአሥር ቦታዎች ተበታትነው እንደ አንድ የሚሠሩ ባትሪዎች ተከለች። 108 ሜጋዋት ኃይል ለስድስት ሰዓት መስጠት ይችላሉ፤ 648 ሜጋዋት ሰዓት ማለት ነው። የተሠሩት ከሶዲየምና ከድኝ ሲሆን፣ ውስጣቸው 300 ዲግሪ ገደማ ግሎ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የበረሃው ሙቀት ብዙም አያስቸግራቸውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዕቅድ ግን በመጠን ሌላ ነው። በጥር 2025 የአቡ ዳቢው የታዳሽ ኃይል ኩባንያ ማስዳርና የኤምሬቶች ውሃና ኤሌክትሪክ ኩባንያ፣ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ 1 ጊጋዋት የሚሰጥ የፀሐይ ጣቢያ እንደሚሠሩ አስታወቁ። ለዚህ 5.2 ጊጋዋት ሰሌዳና 19 ጊጋዋት ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል፤ ወጪው ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል፤ በ2027 ሥራ እንዲጀምርም ታቅዷል። አንድ ለማግኘት አምስት ለምን? ሂሳቡን ራሳችን እንሥራው።

አንድ ጊጋዋት በ24 ሰዓት ውስጥ 24 ጊጋዋት ሰዓት ይሆናል። ሰሌዳ ጠዋትና ማታ ደካማ ነው፤ የቀኑን ምርት ሁሉ ሰብስበን ሙሉ ጉልበቱን በሚሰጥበት ሰዓት ብንለካው፣ በበረሃ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። 5.2 በ5.5 ሲባዛ 28 ተኩል ያህል ነው። ከሚፈለገው 24 የተረፈው በባትሪው መግቢያና መውጫ የሚባክነውን፣ አቧራውንና ጭጋጋማውን ቀን ይሸፍናል። ከ24ቱ ሰዓት ደግሞ ፀሐይዋ በቀጥታ ልትሸፍን የምትችለው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው እንበል፤ የቀረው 15 ሰዓት ያህል ከባትሪ መምጣት አለበት። 19 ጊጋዋት ሰዓት የተባለውም ይህን ከሚባክነውና ከመጠባበቂያው ጋር ይሸፍናል። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከፀሐይዋ ፈረቃ የወጣ ነው።

የሚያንጠባጥበው ቧንቧ

ይህን ሂሳብ ያየ ሰው ቁጠባን ከዚህ ቀደም ባየበት ዓይን አያየውም። ሌት ተቀን ከሚበላው ፍላጎት ላይ አንድ ጊጋዋት በቁጠባ ከቀነስን፣ 5.2 ጊጋዋት ሰሌዳና 19 ጊጋዋት ሰዓት ባትሪ መሥራት አላስፈለገንም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መጠገን ከሁለተኛው ሮቶ ይቀድማል።

አቡ ዳቢ ይህን ቀስ ብላ ተቀብላዋለች። ከ2010 ጀምሮ አዲስ ሕንፃ ሁሉ ኤስቲዳማ በተባለው መመዘኛ ቢያንስ አንድ ዕንቁ፣ የመንግሥት ሕንፃ ደግሞ ሁለት ዕንቁ ማግኘት አለበት፤ የግድግዳው ሙቀት መከላከል፣ የመስታወቱ ዓይነት፣ የጥላው አቅጣጫ ይመዘናል። በ2014 አገሩ ብዙ የሚበላውን የቀድሞ አምፖል እንዳይገባ ከለከለ። በ2019 የኤምሬቱ የኃይል መሥሪያ ቤት ያወጣው ስትራቴጂ የኤሌክትሪክ ፍጆታን በ2030፣ ከ2013 መነሻ አንጻር፣ በ22 በመቶ፣ የውሃን በ32 በመቶ ለመቀነስ ያለመ ነው።

ቢሉ ላይ ስንደርስ ግን የምለው አለኝ። በአቡ ዳቢም በአል አይንም ቆጣሪ የሚያነቡት ከ1998 የዘርፉ ማሻሻያ የወጡት ሁለት የማከፋፈያ ኩባንያዎች ነበሩ፤ አሁን ታቃ በተባለው የኃይል ኩባንያ ሥር አንድ ሆነዋል። ከ2015 ጀምሮ ታሪፉ አረንጓዴና ቀይ ተባለ፤ በቀን ከተወሰነው በታች የተጠቀመ በአረንጓዴው፣ ያለፈው በቀዩ ይከፍላል። በ2017 በተስተካከለው ታሪፍ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር የውጭ ዜጋ በቀን እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ለአንዱ 26.8 ፊልስ (ፊልስ የዲርሃም መቶኛ ነው)፣ ከዚያ በላይ 30.5 ፊልስ ይከፍላል። ለአገሬው ዜጋ 6.7 እና 7.5 ነው። ቢሉ መንግሥት ምን ያህል እንደደጎመም ያሳያል፤ ይህ መልካም አሠራር ነው። ነገር ግን በአረንጓዴና በቀይ መካከል ያለው ልዩነት ለዜጋው አንድ ፊልስ እንኳ አይሞላም። በትልቁ ቪላ ውስጥ ኤሲውን ሌሊቱን 18 ላይ ትቶ ለሚተኛ ሰው ይህ ቀለም ምንም አይነግረውም። ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ጋር ይያያዛል። ይህ ታሪፍ ምን ያህል እንደበላህ ይጠይቃል እንጂ በስንት ሰዓት እንደበላህ አይጠይቅም። ቀትር ላይ በፀሐይ የተሠራውም፣ እኩለ ሌሊት በጋዝ የተሠራውም ለቤቱ አንድ ዋጋ ነው። ፋብሪካዎችን በተመለከተ በሙቀቱ ወራት በጭነት ሰዓት ዋጋው ከፍ የሚልበት አሠራር አለ። ከኑር አቡ ዳቢ ጋር የተደረገው የግዢ ውልም በሙቀቱ ወራት የሚመረተውን ኃይል አብልጦ ይከፍላል። መንግሥት ሲገዛ የወቅትን ዋጋ ያውቃል፤ ለመኖሪያ ቤት ሲሸጥ ግን ይህን ዕውቀት አያካፍልም።

ዋጋ ብቻውን የማይፈታውም አለ። ኤሲውን የሚገዛውና መስኮቱን የሚመርጠው አከራይ ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ተከራይ ነው። አከራይ ርካሹን ቢገዛ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። በቪላዎቹ ውስጥ ደግሞ በየክፍሉ ያለውን ኤሲ የምታበራውና የምታጠፋው ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የእኛ እኅቶች ናቸው። በቤቱ ውስጥ የትኛው ክፍል ባዶውን እየቀዘቀዘ እንደሆነ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የቁጠባ መልእክት ግን የሚጻፈው ሂሳቡ በስሙ ለሚመጣው ሰው ነው። መልእክቱ በአማርኛም ቢጻፍ፣ ለእርሷም ቢነገር ብዙ ኪሎዋት ሰዓት በተረፈ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የእኛ ሮቶ

በአራተኛው ምዕራፍ ግድብ እንዴት እንደሚሠራ አይተናል። አሁን ግድቡን በዚህ ምዕራፍ ዓይን ብናየው፣ አቡ ዳቢ በቢሊዮን ዶላር የምትገዛው ነገር እኛ ጋ ተሠርቶ ቆሟል። በመስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። የኢትዮጵያ ጭነት የሚበዛው ማታ ነው፤ ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ መብራት የሚያበራበት፣ ምድጃና ከሦስት ኪሎዋት በላይ የሚስበውን ምጣድ የሚሰካበት ሰዓት። ፀሐይ በዚያ ሰዓት የለችም። ግን ቀን ፀሐይዋ ከሠራች፣ ግድቡ ቀን ውሃውን ሊይዝና ማታ አብዝቶ ሊለቅ ይችላል።

ማስዳር በ2023 በኢትዮጵያ 500 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ለማልማት ከመንግሥት ጋር ስምምነት ተፈራርሟል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ቢቆምና በቀን አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ሙሉ ጉልበት ቢሰጥ፣ 2,750 ሜጋዋት ሰዓት ይሆናል። ያንኑ ከሕዳሴው ለማግኘት፣ ውሃው ከ130 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወርድ፣ በቀን ስምንት ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያህል ውሃ በተርባይኖቹ ማለፍ አለበት። ፀሐይዋ በሠራችበት ቀን ያ ውሃ ከግድቡ ሳይወርድ ይቆይና፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ምጣዱ ሲሰካ ይለቀቃል። አዲስ ባትሪ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሰሌዳው በሚተከልበት ቦታና በግድቡ መካከል ያለውን ጭነት ሳይበጠስ የሚሸከም መስመርና ማከፋፈያ ጣቢያ ነው፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ የሚነሣውም ከእርሱ ነው።